አሞራው የሚሞተው እኛ በምንጥለው ሥጋ ነው

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጥንብ አንሳና ስለ ሌሎች ሥጋ በል አእዋፍ ጤና ነው። ሦስት ጥያቄዎችን እናነሳለን። እነዚህ ወፎች ለእኛ ጤና ምን ይሠራሉ? ምን እየገደላቸው ነው? እኛስ በየቤታችን፣ በየልኳንዳ ቤታችንና በየበረታችን ምን ልናደርግ እንችላለን? ዋናውን ቁም ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። በአፍሪካ ከሁሉም በላይ አሞራ የሚጨርሰው ሰው ጥሎት በሄደ ሥጋ ውስጥ ያለ መርዝ ነው። ስለዚህ የአሞራው ዕጣ ያለው በድኑን በሚጥለው ሰው እጅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በቅድሚያ እንተዋወቃቸው።

በአዲስ አበባ የአየር ጤና ሠፈር ሰው እነዚህን ወፎች ለማየት ወደ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ አያስፈልገውም። ቀና ማለት ይበቃዋል። በልኳንዳ ቤቶች ላይ እያንዣበበ ቁራጭ ሥጋ ከሰው እጅ ሳይቀር የሚነጥቀውን ጭልፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቆሼ ብለን የምንጠራው የረጲ ቆሻሻ መጣያ አለ። ከ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የመላው አዲስ አበባ ቆሻሻ ሲራገፍበት የኖረ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ያጡበት ስፍራ በመሆኑ፣ ስሙ ሲነሳ ሁላችንም እናዝናለን። በዚያ ቦታ ሰዎች የዕለት እንጀራቸውን ሲለቅሙ፣ ከጎናቸው ጥንብ አንሳዎች፣ ጭልፊቶችና ረጃጅሞቹ አባ ኮዳዎች ምግባቸውን ሲለቅሙ ኖረዋል። የሰውና የአሞራ ኑሮ እንዲህ የተጠጋበት ሠፈር ብዙ አይገኝም።

በከተማችን በብዛት የሚታየው ጥንብ አንሳ በመጠኑ አነስ ያለ፣ ቡናማ ላባ ያለው፣ ፊቱ ራቁቱን ሆኖ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ቆብ የደፋ የሚመስል ዝርያ ነው። በዚህ ዝግጅት ባለ ቆቡ ጥንብ አንሳ እያልን እንጠራዋለን። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ብዙም አይርቅም። ምንቃሩ ቀጭን ስለሆነ ትልልቆቹ ወፎች የተዉትን ፍርፋሪ እየለቀመ ይኖራል። ከሰው ጋር ተላምዶ በገበያ፣ በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ ይውላል። ጎጆውን የሚሠራው በትልልቅ ዛፎች ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚገኙት ያረጁ ጽዶችና ዝግባዎች ለእንዲህ ያሉ ወፎች መጠለያ ናቸው።

በአፍሪካ 11 የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ 8ቱ በኢትዮጵያ ይታያሉ። በእነዚህ ዝርያዎች መካከል የሥራ ክፍፍል አለ። ግዙፉና ጠንካራ ምንቃር ያለው ዝርያ ወፍራም ቆዳ ይቀድዳል። አንገተ ረጅሞቹ በተቀደደው በኩል ገብተው ሥጋውን ይጨርሳሉ። ትንንሾቹ ፍርፋሪውን ይለቅማሉ። በሰሜን ተራሮችና በባሌ የሚኖረው አጥንት ሰባሪ ደግሞ የቀረውን አጥንት ከፍ አድርጎ ወስዶ ድንጋይ ላይ እየጣለ፣ ሰባብሮ ይውጠዋል። ከአንገተ ረጅሞቹ አንዱ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን በጎበኘው ጀርመናዊ ተጓዥ በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ ነው። ጎጆውን በገደል ላይ ይሠራል። ከሁሉም ወፎች ከፍ ብሎ በመብረር የታወቀውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በኮትዲቯር ሰማይ ላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል።

ከጥንብ አንሳዎቹ ሌላ ንስሮች፣ ጭላቶችና ጉጉቶች አሉን። በበጋው ወራት ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች ተነስተው ወደ ደጋችን የሚመጡ ንስሮችም አሉ። የእኛ ሰማይ ለሩቅ አገር ወፎች ጭምር መጠጊያ ነው ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ጥንብ አንሳ ለጤናችን ምን ይሠራል?

በድን ሲበሰብስ ተሐዋስያን ይራቡበታል። ዝንብ ይፈላበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ፍሳሹ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ውሻና አይጥ ይመገቡበታል። ጥንብ አንሳ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ብዙ ሆነው ሲሰበሰቡ አንድን ትልቅ በድን በሰዓታት ውስጥ አጥንት ብቻ ያስቀሩታል። በጨጓራቸው ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ፣ ሌላውን እንስሳ የሚያሳምሙ ብዙ ተሐዋስያን እዚያ ውስጥ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ጥንብ አንሳዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎች በወፎቹ የፊት ቆዳ ላይ በአማካይ 528 ዓይነት ባክቴሪያዎችን አገኙ። በአንጀታቸው ውስጥ ግን የተገኙት 76 ዓይነት ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመንገድ ላይ አልቀዋል።

የአንሺ እንስሳት ጥቅም በአገራችንም ተለክቷል። በመቀሌ ከተማ ዙሪያ ስለሚኖሩ ጅቦች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ ጅቦቹ በዓመት 207 ቶን የሚሆን በድንና የሥጋ ተረፈ ምርት እንደሚያነሱ አስልቷል። በዚህም ሰዎችንና ከብቶችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚታደጉ አሳይቷል። ጅብ ሌሊት የሚሠራውን ጥንብ አንሳ ቀን ይሠራል።

ጥንብ አንሳው ሲጠፋ በድኑ አብሮ አይጠፋም፤ በሌላ እንስሳ ይበላል። በኢትዮጵያ በሚገኙ 6 ቄራዎች ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ክትትል ያደረጉ ተመራማሪዎች ያዩት ይህንኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለመጥፋት የተቃረቡት ጥንብ አንሳዎች ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ግን ከእጥፍ በላይ ጨመሩ። ውሻ በበዛበት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ይበዛል። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ይህ ነገር እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ለመረዳት ሕንድ አገር የደረሰውን እንመልከት።

እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በሕንድ ጥንብ አንሳ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ውስጥ በድንገት መርገፍ ጀመረ። በብዛት ይታይ የነበረው ነጭ ጀርባ ያለው ዝርያ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከ1,000ው 999ኙ አለቀ። ምክንያቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓኪስታን የተደረገ ምርምር እንቆቅልሹን ፈታው። ገዳዩ ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነበር። አዎን፣ እኛም ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ከፋርማሲ የምንገዛው ዲክሎፌናክ ነው።

ገበሬዎች ላማቸው ወይም በሬያቸው ሲያነክስ ይህን መድኃኒት ያስወጉት ነበር። ከብቱ ሳይድን ሲሞት በድኑ ሜዳ ላይ ይጣላል። መድኃኒቱ በሥጋውና በጉበቱ ውስጥ ይቀራል። ጥንብ አንሳው ከዚያ ሥጋ ጥቂት ሲበላ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል፤ በደሙ የተከማቸው ቆሻሻ ነጭ ዱቄት መስሎ የውስጥ አካሉን ይሸፍነዋል፤ በቀናት ውስጥም ይሞታል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ዲክሎፌናክ ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ሆኖም ለሰው የተዘጋጀውን ትልልቅ ጠርሙስ እየገዙ ለከብት መውጋት ቀጠለ። በዚህ ምክንያት ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሰው የሚሸጠው መርፌ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ አደረገች።

እስከዚያው ግን ሰው ብዙ ዋጋ ከፈለ። የውሻው ብዛት ጨመረ፤ ያልተነሣው በድን ውኃ በከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታወቀ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የጥንብ አንሳዎች መጥፋት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በሕንድ 500,000 ገደማ ተጨማሪ የሰው ሞት እንዳስከተለ ገምቷል። ግማሽ ሚሊዮን ሰው! አንድ መድኃኒት በአንድ በድን ውስጥ ገብቶ፣ ከበድኑ ወደ ወፉ፣ ከወፉ መጥፋት ወደ ውሻውና ወደ ውኃው፣ ከዚያም ወደ ሰው ደረሰ።

(አጭር ሙዚቃ)

በአፍሪካስ? በአፍሪካ ዋናው ገዳይ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ ጥናት 8 የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች በ30 ዓመታት ውስጥ በአማካይ በ62 በመቶ መቀነሳቸውን ገለጠ። ምክንያታቸው ከተመዘገቡ ሞቶች 61 በመቶው በመርዝ፣ 29 በመቶው ለባህላዊ እምነትና መድኃኒት ተብሎ በሚደረግ ንግድ፣ 9 በመቶው ደግሞ በኤሌክትሪክ መስመር የደረሱ ናቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ዝርያዎችን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገባቸው። ከአራቱ አንዱ በቆሼና በቄራ የምናየው ባለ ቆቡ ጥንብ አንሳ ነው። በየቀኑ ስለምናየው የበዛ ይመስለናል እንጂ፣ በዓለም ደረጃ በአደጋ ላይ ካሉት ወፎች አንዱ ነው። ኢትዮጵያም ለዚህ ዝርያ ዋና መጠጊያ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት።

መርዙ አሞራው ዘንድ የሚደርሰው እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መርዙ የታሰበው ለአሞራው አይደለም። ከብቱን ጅብ ወይም ቀበሮ የበላበት አርብቶ አደር በቀረው በድን ላይ መርዝ ይነሰንሳል። በከተማ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሥጋ እንዲሞቱ ይደረጋል። በአዲስ አበባ ለዚህ ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን ይባላል። ነርቭን የሚያጠቃ፣ በብርቱ እያንቀጠቀጠ የሚገድል መርዝ ነው። ውሻው ከሞተ በኋላም መርዙ በሆዱ ውስጥ ይቆያል። በድኑ ሳይቀበር ከዋለ፣ ወይም በመኪና ተጭኖ ሜዳ ላይ ከተተወ ጥንብ አንሳው ይበላዋል። ኢትዮጵያዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ይልማ ደለለኝ አበበ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ጥንብ አንሳዎች በሚታተም ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ውሾችን በጅምላ የመመረዝ ሥራ በጥንብ አንሳዎች ላይ ብርቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

መርዝ ምን ያህል ወፍ ሊፈጅ እንደሚችል በሌላ አገር ታይቷል። በምዕራብ አፍሪካዋ ጊኒ ቢሳው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ2,000 በላይ ጥንብ አንሳዎች በመርዝ አልቀዋል። ያለቁት እኛ በከተማችን የምናየው ያው ባለ ቆቡ ዝርያ ናቸው።

በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ወፍ የሚያልቀው በአመጋገባቸው ምክንያት ነው። ጥንብ አንሳ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ነው፤ ሌላውንም ጥንብ አንሳ ሰማይ ላይ ሆኖ ይከታተላል። አንዱ ሲወርድ ጎረቤቱ ያየዋል፣ ጎረቤቱን ሌላው ያየዋል። እንዲህ እየተጠራሩ ከሩቅ ቦታ ሳይቀር በአንድ በድን ላይ ይከማቻሉ። በድኑ የተመረዘ ከሆነ የአንድ ወረዳ ሙሉ አሞራ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

የሞተውም ቶሎ አይተካም። ዶሮ ከአሥር በላይ ዕንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ጫጩት ታወጣለች። ባለ ቆቡ ጥንብ አንሳ ግን የሚጥለው አንድ ዕንቁላል ብቻ ነው። እናትና አባት ለሰባት ሳምንት ያህል እየተቀያየሩ ይታቀፉታል። ጫጩቱ ከጎጆ እስኪወጣ ሦስት አራት ወር ይፈጃል፤ ራሱ ወላጅ እስኪሆን ደግሞ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በአንድ ሰዓት የተጨረሰውን መንጋ ለመተካት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመርዝ ሌላ የኤሌክትሪክ መስመርም ይገድላቸዋል። በበጋው ወራት ከቡልጋሪያ፣ ከቱርክና ከሌሎች አገሮች በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ ወደ አፋር የሚመጣ የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባል ነጭና ጥቁር ወፍ አለ። በአፋር ቆጠራ ያካሄዱ የቡልጋሪያና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን አግኝተዋል። ብዙዎቹ የሚያድሩት በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ነው። ክንፈ ሰፊ ወፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ሽቦ ሲነካ፣ ወይም ሽቦና የብረት ምሰሶ ሲነካ በኤሌክትሪክ ይሞታል። በጎረቤታችን በሱዳን፣ በፖርት ሱዳን አካባቢ የነበረ 31 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ አሮጌ መስመር ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ ብዙ የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደረገ። መብራት ገና ባልደረሰባቸው ቦታዎች አዲስ መስመር ስንዘረጋ ሽቦዎቹን አራርቆ መስቀልና አደገኛውን ክፍል በመከላከያ መሸፈን ይቻላል። ለሰውም ይጠቅማል፤ ወፍ በሽቦ ላይ ሲሞት መብራትም ይቋረጣልና።

የአይጥ መርዝም አለ። ብዙ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጧ መርዙን ከበላች በኋላ ወዲያው አትሞትም። ለቀናት እየፈዘዘች ትንቀሳቀሳለች። ያን ጊዜ ጉጉት ወይም ጭላት በቀላሉ ይይዛታል፤ መርዙም ወደ እሱ ይተላለፋል። አንዲት ጉጉት በዓመት ብዙ መቶ አይጦችን ትበላለች። ጉጉትን በመጥፎ ምልክትነት ቆጥረን ስናባርራት ወይም በተመረዘች አይጥ ስትሞትብን፣ ትርፉ ለአይጥ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አድማጮች ስለዚህ ጉዳይ ሊያነሷቸው የሚችሉ ጥቂት ጥያቄዎችን እንመልስ።

አንደኛው፣ ጥንብ አንሳ በሽታ አያመጣም ወይ? የሚል ነው። ማንኛውም የዱር እንስሳ በእጅ አይነካም፤ የሞተ ወፍም እንዲሁ። የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ ሥጋ በል አእዋፍንም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ እጅግ ብርቅ የሆነው የካሊፎርኒያ ኮንዶር በዚህ በሽታ ተይዞ 21 ወፎች ሞተዋል። ስለዚህ ልጆቻችን የሞተ ወፍ እንዳያነሱ እንምከር። ሆኖም ጥንብ አንሳው በሽታ ካለበት በድን ላይ ሲታይ በሽታውን ያመጣው እሱ አይደለም፤ የመጣው ሊያነሳው ነው።

ሁለተኛው፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይነክሱናል፣ ታዲያ ምን እናድርግ? የሚል ነው። ይህ ተገቢ ሥጋት ነው። አንዲት እናት ልጇን በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኝ የምትሰጋው በከንቱ አይደለም። ዘላቂው መፍትሔ ግን ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ስርጭት ይቆማል። የራሳችንን ውሻ በየዓመቱ እናስከትብ፤ ሳንፈልጋቸው የተወለዱትን ቡችሎች መንገድ ላይ አንጣል፤ የሥጋ ትርፍራፊ በየጥጉ አናከማች። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሦስተኛው፣ ከብቴ ወይም በጌ ቢሞት በድኑን ምን ላድርገው? የሚል ነው። ይህኛው የዝግጅታችን እምብርት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይገፈፍ፣ አይቆረጥ፣ አይበላ። ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ በሐኪሙ መመሪያ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

በሕክምና ላይ ሳለ የሞተ፣ በተለይም የሕመም ማስታገሻ የተወጋ ከሆነ ሜዳ ላይ አይጣል፤ ይቀበር። ለሰው የተዘጋጀ ዲክሎፌናክ ለከብት አይሰጥ። ሐኪሙን በትሕትና «ዶክተር፣ አሞራን የማይጎዳውን መድኃኒት ይስጡልኝ» በሉት። ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ለከብቱ ሕመም የሚያገለግልና ለጥንብ አንሳ ጉዳት የሌለው መሆኑ በምርምር ተረጋግጧል።

በመርዝ የሞተ ውሻ፣ አይጥ ወይም ሌላ እንስሳ ከተገኘ ፈጽሞ ሜዳ ላይ አይተው። ጓንት አድርጋችሁ፣ በጥልቅ ቅበሩት፤ ወይም ለወረዳው ጽዳት ሠራተኞች የተመረዘ መሆኑን ነግራችሁ አስረክቡ። ከሌላው ቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ ወደ መጣያ መላክ መርዙን ወደ አሞራው ቤት መላክ ነው።

በገጠር፣ መድኃኒት ያልተሰጠው፣ መርዝ የሌለበትና በአባ ሰንጋ ያልተጠረጠረ በድን ከሆነ፣ ከመኖሪያና ከውኃ ርቆ ቢተው ጥንብ አንሳው ያነሳዋል። ያ የእሱ ምግብ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፣ የታመመ አሞራ ባገኝ ምን ላድርግ? የሚል ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰው ሲቀርበው መብረር የማይችል ወፍ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ልጆችንና ውሾችን ከአጠገቡ አርቁ። ውኃ በግድ አታጠጡት። ማንሳት ግድ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አኑሩት፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቀጥሎም በአቅራቢያችሁ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ። በአንድ ቦታ ብዙ የሞቱ አሞራዎች ከታዩ ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ሪፖርት ይደረግ፤ መርዙ የት እንዳለ የሚታወቀው በዚያ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ሕግና ተቋማት አሉን። የአገራችን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ ወፎችንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፎችን ሲያጠና፣ ሲቆጥርና ሕዝብን ሲያስተምር ኖሯል። በዓለም ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2017 በማኒላ በተደረገው የስደተኛ የዱር እንስሳት ስምምነት ጉባኤ፣ ለ15 የጥንብ አንሳ ዝርያዎች የ12 ዓመት የጋራ ዕቅድ ጸድቋል። በየዓመቱ በፈረንጆቹ መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ዓለም አቀፍ የጥንብ አንሳ ቀን ሆኖ ይከበራል። እኛ አገር አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል የሚውል ቀን ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ሲከፈቱ ስለ ጥንብ አንሳ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምሩ መልካም ነው።

ከተማችን እየተለወጠች ነው። በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ቄራዎች መዘመናቸው፣ ቆሻሻ በአግባቡ መወገዱ ለሰው ጤና ግድ ነው፤ ማንም ልጁ በቆሻሻ ክምር ሥር እንዲያድግ አይመኝም። ጥያቄው ከተማዋ ስትጸዳ ለአሞራው ምን እንተውለታለን የሚለው ነው። መልሱም አለ። ለሥጋ በል ወፎች ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ የሥጋ ተረፈ ምርት በተከለለ ቦታ ማቅረብ በስፔን፣ በኔፓልና በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶበታል። በኔፓል አርጅተው የሚሞቱ ላሞች እየተጠበቁ፣ ከጎጂ መድኃኒት ነፃ መሆናቸው ታይቶ፣ ሥጋቸው ለጥንብ አንሳ ይቀርባል። መንደሩም ከጎብኚዎች ገቢ ያገኛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለ ቦታ ቢታሰብ፣ አሞራውም ምግብ ያገኛል፤ ከቄራ የሚወጣው ተረፈ ምርትም መድረሻው የታወቀ ይሆናል። ያረጁ ዛፎችንም እናስብ። መንገድና ሕንፃ ስንሠራ ጎጆ ያለበትን ትልቅ ዛፍ ከመቁረጣችን በፊት ቀና ብለን እንይ።

እንግዲህ የዛሬውን ትምህርት በአጭሩ እናጠቃልል። ጥንብ አንሳ በድን እያነሳ ከበሽታ ይጠብቀናል። በአፍሪካ ከሁሉ በላይ የሚገድለው መርዝ ነው፤ በእስያ የጨረሰው የከብት መድኃኒት ነበር። ሁለቱም ወደ እሱ የሚደርሱት ሰው በጣለው ሥጋ ውስጥ ሆነው ነው። ስለዚህ ልኳንዳ ነጋዴዎች፣ ከብት አርቢዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የወረዳ ጽዳት ሠራተኞች፣ እናቶችና አባቶች፣ አራት ነገሮችን አደራ እንላችኋለን። የተመረዘ በድን ቅበሩ። ዲክሎፌናክ ለከብት አትስጡ። ውሻችሁን አስከትቡ። ብዙ አሞራ በአንድ ቦታ ሞቶ ስታዩ ሪፖርት አድርጉ።

ነገ የሞተ እንስሳ ሲያጋጥማችሁ ከመጣላችሁ በፊት «ይህ በምን ሞተ? ማንስ ይበላዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ጥያቄ በየደጁ ከተለመደ፣ ጥንብ አንሳውን ለማዳን የሚያስፈልገው ዋናው ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

  

(የመዝጊያ ሙዚቃ)